የአባቴ እርከን በሰው አፍ

ልሄድ ባልኩበት ምሽት የደብረ ብርሃን ብርድ ጨክኖ ነበር። አባቴ ከአልዩ አምባ ቆላ ሊሸኘኝ ወጥቶ በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ እንኳ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ያረፍነው የትዕግስት እናት እትዬ አልማዝ ቤት ነው። ትዕግስት ደብረ ብርሃን ስማር ያገኘኋት ጓደኛዬ ናት፤ የውጭ ትምህርቱን ዕድል አብረን ሞክረን አብረን አገኘን። እትዬ አልማዝ የሥጋው ነገር እንዳያስቸግረን ብለው ሽሮና ጎመን ሠርተው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ በላን።

"ይሄ ማይነር የምትይው ግን ምንድን ነው?" አለኝ አባቴ እጁን እየታጠበ።

"ዋናው ትምህርቴ አካውንቲንግ ነው አባ። ከጎኑ ትንሽ የአካባቢ ሳይንስ እወስዳለሁ፤ እሱን ነው ማይነር የሚሉት።"

"አካባቢማ እዚሁ ሞልቶ! እሱን ፍለጋ ባሕር ትሻገሪያለሽ?"

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔ ግን የመረጥኩት በእሱ ምክንያት ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል፣ ገደሉን ተደግፎ ቤታችን ያለበት፣ ማሽላ የምናበቅልበት መሬት አለን፤ አያቴ በድንጋይ የካቡትን እርከን አባቴ በየዓመቱ ከክረምት በፊት እየጠገነ ነው ያቆየው። አፈሩ ለምን እዚያ እንደሚቆም፣ ለምንስ አንዳንዴ እንደሚሄድ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ስንነሳ አባቴ የትዕግስትን እጅ ያዘ። "ልጄ፣ ከዘሐራ ለይቼ አላይሽም። እሷ ብትታመም ትደብቀኛለች፤ ስልኬን ያዢና አንቺ ደውይልኝ። አደራሽን።" ትዕግስት አልቅሳ ቁጥሩን መዘገበች።

የደረስንበት ከተማ ሀንጋሪ ውስጥ ያለ ደብረጸን የሚባል ነው። አትሳቁ፣ ስሙ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮው ውስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰውዬ "የት ተወለድሽ?" አለኝ።

"ደብረ ብርሃን" አልኩ፣ ፓስፖርቴ ላይ የሰፈረው እሱ ነው።

"ደብረጸን ከተወለድሽ ፈቃድ ለምን ትጠይቂያለሽ?"

"ደብረጸን አይደለም፣ ደብረ ብርሃን።"

"ፊደሉን ተሳስተሻል" ብሎ ሊያርምልኝ እስክሪብቶ አነሳ። ትዕግስት ከኋላዬ "ተይው ያርመው፣ ዜግነቱ ይቅርብሽ?" አለችኝና ሳቄ አመለጠኝ። ያኔ እንዲህ ነበርን።

አገሩ ሜዳ ነው፣ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለውም። እኛ ዘንድ መንገድ ስትጠይቁ "ወደ ላይ ነው ወደ ታች?" ይባላል፤ እዚህ ላይም ታችም የለም። በየሱቁ በር ቀይ በርበሬ ተጎንጉኖ ተንጠልጥሎ ሳይ ልቤ ዘለለ፤ ፓፕሪካ ይሉታል። ስቀምሰው ጣፋጭ። መልኩ በርበሬ፣ ጠባዩ ስኳር! ያከራየችን ሴትዮ ደግሞ ወጥ በሠራን ቁጥር በሩን ታንኳኳለች። "ድግስ አለ?" "የለም፣ ራት ነው።" "ይሄ ሁሉ ሽንኩርት ለስንት ሰው?" "ለሁለት።" ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ትሄዳለች፣ በማግስቱ ትመለሳለች።

ትዕግስት ማይነሩን የያዘችው "ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ" ብላ፣ እኔን ተከትላ ነው። ማታ ማታ ስለ እርከናችን እነግራታለሁ። ድንጋዩ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚሸኝ። "እኔ ደርዳሪው ደስ ስላለው የደረደረው ይመስለኝ ነበር" ትላለች። የከተማ ልጅ ናት፤ ደስ እያለኝ አስረዳታለሁ።

የአካባቢ ሳይንሱ ትምህርት ማብቂያ ላይ መምህራችን እያንዳንዳችን ስለምናውቀው አንድ ቦታ ለክፍሉ እንድናቀርብ አዘዙ። ከሁሉ የበለጠው ተማሪ በበጋ ከእሳቸው ጋር ኦስትሪያ ተራሮች ላይ ለመስክ ሥራ ይሄዳል። እኔ የእርከናችንን ፎቶዎች አዘጋጀሁ። ትዕግስት የደብረ ብርሃንን ወንዝ እንደምታቀርብ ነግራኝ ነበር።

ተራዋ ከእኔ ቀደመ። መብራቱ ጠፋና ስክሪኑ ላይ "የአባቴ እርሻ" የሚል በእንግሊዝኛ ወጣ። ቀጥሎ አንድ የተገመሰ ገደል። ድንጋይና ቀይ ጭቃ ተደባልቆ ወርዷል፤ የማሽላ አገዳ ከጭቃው ውስጥ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ቆሟል። ጥግ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጀርባውን አወቅኩት። ከዚያ በስልክ የተቀዳ ድምፁ መጣ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ። "መሬቱ መጀመሪያ አጉረመረመ። እንስሶቹን ፈትቼ ከቤት አስወጣሁ። ዞር ስል ቤቱም የለም።"

አባቴ ነው። መሬታችን ተንዷል፣ ቤታችን ሄዷል፤ እኔ ይህን የሰማሁት በሰው አገር፣ በጨለማ ክፍል፣ ከሃያ እንግዳ ጋር ተቀምጬ ነው። ሲያበቃ አጨበጨቡላት። አንዷ ልጅ እንባዋን ጠረገች።

"ዘሐራ፣ ያንቺ ተራ ነው" አሉ መምህሩ።

ወጣሁ። የመጀመሪያው ፎቶዬ ያው ቦታ ነው፤ አረንጓዴ፣ ሙሉ፣ ደህና። "ያ ሰውዬ የእኔ አባት ነው" አልኩ።

መምህሩ ግራ ተጋብተው ዝርዝራቸውን አዩ። "የቤተሰብ ስማችሁ ግን ይለያያል። እህትማማች ናችሁ?"

"አይደለንም።"

"ታዲያ አንድ አባት እንዴት ይሆናል? የስም ስህተት ከሆነ ሬጅስትራር ቢሮ ሂጂ።" ክፍሉ ሳቀ። ፎቶዎቼን ሳላሳይ ተቀመጥኩ።

ኮሪደሩ ላይ ትዕግስትን ያዝኳት። "ምን ሠራሽኝ?"

"እሳቸው ናቸው አትንገሪያት ያሉኝ። ለደህንነታቸው ደውዬ ነው፣ አልቅሰው ነገሩኝ። ከሰማች ፈተናዋን ትወድቃለች፣ አደራ አሉኝ። አደራቸውን ጠበቅኩ።"

"ከእኔ መደበቅሽን አይደለም የምልሽ! አባቴ ያልሽውን ነው!"

"እኛ አገር የጓደኛ አባት፣ አባት አይደል እንዴ?" አለችኝ። እኔንም እሷንም ያሳደገን ያው ወግ ነው፤ አባቴስ ራሱ ልጄ ብሏት የለ።

የተመረጠችው እሷ ናት። እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ ከአንዲት የሶርያ ልጅ ጋር ሌላ ቤት ገባሁ።

ያን ለት ግን፣ ኮሪደሩ ላይ ከትዕግስት እንደተለየሁ፣ መጀመሪያ የደወልኩት አባቴ ጋ ነበር።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችን ደህና ነን" አለ፣ እንደ ሁልጊዜው።

"የት ነህ አባ?"

"ከቤት ነኛ።"

"ከየትኛው ቤት?"

ከሩቅ ፍየል ስትጮህ ይሰማኛል። "ከአክስትሽ ዘንድ ነን" አለ።

"ለትዕግስት ነግረህ ለእኔ ትደብቃለህ?"

"ለሰው መንገር ይቀላል ልጄ። እሷ ስታለቅስ ሰማኋት፣ ቻልኩት። ያንቺን ግን አልችለውም።" ጉሮሮውን ጠራረገና ድምፁ ትንሽ ሞቀ። "ለትምህርቷ ነው ብላ ፎቶም ጠይቃኝ የአክስትሽ ልጅ ላከላት። ጠቀማት? አለፈች?"

መስኮቱ ላይ ዝናብ ጀምሯል፤ የዚህ አገር ዝናብ ድምፅ እንኳ የለውም።

"አልፋለች አባ።"

"አልሐምዱሊላህ! ይኸው፣ ከንቱ አልቀረም። አብራችሁ ናችሁ አይደል?"

"አብረን ነን።"

"በይ ሰላም በያት፣ አባትሽ መርቆሻል በያት።"

"እሺ" አልኩት።