ቅቤው እምቢ ያለ ሰሞን

በደርግ ጊዜ ከደብረ ታቦር ወጥቼ ጉና ተራራ ሥር ተዳርኩ። አማቴ ስሜን አንድም ቀን ጠርተውት አያውቁም፤ ለእሳቸው «ያቺ» ነበርኩ። ያቺ ውሃ ትቅዳ፣ ያቺ እርጎውን ትናጥ። በዚያ አገር የሙሽራ እጅ የሚታወቀው በቅቤ ነው። ቅቤ ከወጣላት እሰየው፣ ቅቤው ከጠፋ ዓይኗ ክፉ ነው ተብላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች።

እኔ በገባሁ ሰሞን የገበሬ ማኅበሩ ንጽሕና አወጀ። ለየቤቱ ሳሙና ታደለና መናጫ ቅል ሁሉ በእሱ እንዲታጠብ ታዘዘ። ሊቀመንበሩ የሚቆጣጠረው በአፍንጫው ነበር፤ ቤት ለቤት እየዞረ ቅል ያሸታል፣ ሳሙና ሳሙና ካላለው ጉድ ፈላ። ሴቶቹ ታዲያ ሽታው እንዳይጠፋ ቅሉን ውስጡን በሳሙና ቀብተው፣ ሳያለቀልቁ እርጎ ይሞሉበት ጀመር። እሱም አሽትቶ «አብዮታዊ ሽታ!» እያለ ያልፋል። የእኛን ቤት ቅል የሚያሰናዱትም፣ አቅፈው ለእሱ የሚያቀርቡትም አማቴ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ቅቤው እምቢ አለ። ሴቱ ከጧት እስከ ቀትር ይንጣል፤ ከቅሉ አፍ አረፋ ይገነፍላል እንጂ ቅቤ የለም። ጸበል ተረጨ። ሊቀመንበሩ ደግሞ አሻጥር ነው አለ። ቅቤ የሚወጣው እኛ ቤት ብቻ ነበር፤ እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። መንደሩ ግን አንድና አንድ ደመረ፤ ሙሽሪት መጣች፣ የሰው ቅቤ ጠፋ፣ የእሷ ሞላ።

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ቡዳ የሚባል ነገር አድኃሪ እምነት ስለሆነ የለም ብሎ ጀመረ፤ ቀጠለና ቡዳዋ አገር ለቃ እንድትወጣ ሐሳብ አቀረበ። ተጨበጨበ። ባሌ አንገቱን ደፋ። ቡዳ ተብዬ አባቴ ደጅ ስቆም ታየኝና እንባዬ መጣ።

ይኼኔ አማቴ ተነሡ። መቀነታቸውን ፈቱና ያልተነካ ሳሙና አወጡ።

«ቡዳው ይኸው! ለመገነዣየ ማጠቢያ ብየ ያኖርሁት ነው። በሳሙና ያልታጠበ የእኔ ቅል ብቻ ነው፤ አንተ ያሸተትኸው መቀነቴን ነው። ሳሙና እየናጣችሁ ምን ይውጣላችሁ? ልጄን ተዋት!»

«እናቴ፣ አንቱ እኮ መመሪያ ጥሰዋል!» አለ ሊቀመንበሩ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። እኔ የሰማሁት «ልጄን» የሚለውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሴቱ ቅሉን በፈላ ውሃ አጥቦ በወይራ አጠነ፤ ቅቤውም ተመለሰ። ሳሙናው ግን ማስረጃ ተብሎ ተወረሰና ማኅበሩ መጋዘን ገባ። እዚያ ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ሄደ፤ የሊቀመንበሩ ካኪ ደግሞ ነጣ።

ከዓመታት በኋላ ሴት ልጄ ኮሌጅ ገብታ ነገሩን አስረዳችኝ። የቅቤ ጠብታ ሁሉ ወተቱ ውስጥ ስስ የፕሮቲን ልብስ ለብሶ ነው የሚኖረው፤ ሲናጥ ልብሱ ይቀደድና ጠብታ ከጠብታ ይጣበቃል። ሳሙና ከገባ ግን ፕሮቲኑን አባሮ እሱ በቦታው ይገባል፤ ከዚያ ቢናጥ ቢናጥ ጠብታዎቹ አይገናኙም። አማቴ ይህን ሳይሰሙ አረፉ።

መገነዣቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ሐሙሲት ገበያ ድረስ ሄጄ በገዛሁት ሳሙና። ደጋግሜ አለቀለቅኩት።