ከአስቸኳይ መልእክት በቀር

ጂንካ ውስጥ በአንድ የእርዳታ መሥሪያ ቤት የመገናኛ ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ ስቀጠር የተሰጠኝ ደንብ አንድ የተባዛ ወረቀት ነበር። ከሬዲዮው በላይ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የሥራ መልእክት ብቻ፣ በሰዓቱ፣ በአጭሩ። የግል ወሬ ክልክል ነው። በሬዲዮ መስመሩ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ደግሞ የሰውን ሕይወት ከሚመለከት መልእክት በቀር ማንም ትንፍሽ አይልም። ብዙም ሳልቆይ በቃሌ ያዝኩት።

ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር አልደረሰንም። ቆላ ያሉት ጣቢያዎቻችን፣ አርቦሬም ቱርሚም ኦሞራቴም፣ ከጂንካ ጋር የሚገናኙት በእኔ በኩል ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በየተራ እጠራቸዋለሁ፤ ተናግረን ስንጨርስ «ኦቨር» ብለን ተራውን እንለቃለን። ስንት ካርቶን መድኃኒት ደረሰ፣ የትኛው መኪና ተበላሸ፣ እሱን እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሳወራ እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ባለቤቴ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ አልተመለሰም። ልጅም አልነበረንም።

የኦሞራቴው ኦፕሬተር ከጂንካ በላይ ካለ የአሪ ገጠር የተወለደ ሰው ነው። እስከዚያ ጊዜ ፊቱን ያየሁት ሁለቴ ወይ ሦስቴ ቢሆን ነው። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ጥሪ አልቆ ሌሎቹ ሲዘጉ እሱ ትንሽ ይቆያል።

«እህቴ፣ ዛሬ ጂንካ ዘነበ?»

«ዘንቧል።»

«እዚህ ሙቀቱ ሰው ሊጨርስ ነው።»

«አይዞህ። ኦቨር።»

ይኸው ነው። ደንቡ አይፈቅድም፤ ግን ማን ተጎዳበት? ሬዲዮውን ዘግቼ በጭቃው ወደ ቤቴ ስሄድ ያቺን ንግግር መልሼ መላልሼ እሰማታለሁ። ከዚያ በቀር በሙሉ ቀን ውስጥ ስለ ዝናብ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ነሐሴ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ወጣ። ጠዋት ገና ሳልጠራው እሱ ጠራኝ። «ውሃው መንደር ገብቷል። ሰዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ወንዙ መሃል ያለው ደሴት ላይ ቀርተዋል። ሕፃናት አሉ። ጀልባ ላኩ።» ኃላፊያችን ከጀርባዬ ቆሞ ይሰማ ነበር። ወዲያው አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ሌሎቹ ጣቢያዎች በሙሉ ዝም አሉ፤ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። በሌላ ጊዜ ደረቅ የሆኑት የቱርሚ ወንዞችም ሞልተው ስለነበር መኪና ወደዚያ አያልፍም። ጀልባዎቹ የት መሄድ እንዳለባቸው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። በየሰዓቱ ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ የኦሞራቴው ኦፕሬተር ታላቅ ወንድም የሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ከገጠር በእግሩ ነው የመጣው።

«እናታችን ሞተች» አለኝ። «ለወንድሜ ንገሪልኝ።»

ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም።

«ከሰማ ያንን ማይክ ማን ይይዛል?» አለ። «ሌላ ሰው የለንም። መንገዱ ዝግ ነው፣ ለቀብሩም አይደርስ። ለመሆኑ ደንቡ ምን ይላል?»

«ከአስቸኳይ መልእክት በቀር…»

«እንግዲያው ታውቂዋለሽ።»

ወደ ወንድሙ ተመልሼ አልተፈቀደም አልኩት። እሱም ከወንድሙ ጋር በቀን ስንት ጊዜ እንደማወራ ጠየቀኝ። በየሰዓቱ አልኩት። አንዴ አየኝና ወጣ።

ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦፕሬተሩ የጀልባውን መልእክት ጨረሰ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። እናቴን አሟት ነበር። ከቤት ሰው መጥቶ ነበር?»

እጄ ማይኩ ላይ ነበር።

«ከአስቸኳይ መልእክት በቀር አይፈቀድም። ኦቨር።»

ሬዲዮው ጥቂት አንሿሿ።

«ተቀብያለሁ። ስድስት ሰዎች ከደሴቱ ወጥተዋል። ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። ጻፊ።»

ጻፍኩ።

ውሃው ጎደለ፤ መንገዱም ተከፈተ። እሱ መርዶውን የሰማው ቱርሚ ላይ ከአንድ ሹፌር ነው። ጂንካ ሲደርስ ወደ ቤቱ ከመውጣቱ በፊት እኔ ዘንድ መጣ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር።

«ስጠይቅሽ ሞታ ነበር?»

«አዎ።»

«አልዋሸሽም» አለ። «ደንቡም እኔ ጋ አለ፣ አነበብኩት። ድምፅሽ ግን እንደ ሌላው ቀን ነበር።»

በእሑዱ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ገጠራቸው ወጣሁ። ከእንሰቱ ጀርባ ባለው ቤት የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ይዘምሩ ነበር። ሚስቱ መቀመጫ ሰጠችኝ። እሱ ከሩቅ በራሱ ሰላም አለኝ እንጂ አልቀረበኝም።

ኦሞራቴ ከተመለሰ በኋላ በሰዓቱ እጠራዋለሁ፣ በሰዓቱ ይመልሳል። «መልእክት የለኝም፣ ኦቨር።» ስለ ዝናብ አልጠየቀኝም። ክረምት ከበጋ እንዲህ አለፈ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ከዘጉ በኋላ ትንሽ እቆይና ሬዲዮውን አጠፋለሁ።

በኋላ ለስልጠና አርባ ምንጭ ላኩን። አሠልጣኙ የአስቸኳይ ጊዜውን ደንብ አደለን፤ ሁለት ገጽ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ መስመሩ ነፃ በሆነ ጊዜ የአደጋ ሠራተኛን ቤተሰብ የሚመለከት አጭር መልእክት ማስተላለፍ ይቻላል ይላል። እጄን አውጥቼ ይህ መቼ እንደተጨመረ ጠየቅሁ።

«አልተጨመረም፣ ድሮም ነበር።»

«ለእኛ የደረሰን አንድ ገጽ ነው።»

«ያባዛው ሰው ረስቶት ይሆናላ» አለና ስለ ባትሪ አያያዝ ማስተማሩን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ይህን ለኦሞራቴው ኦፕሬተር በሬዲዮ ልነግረው አልቻልኩም፤ የግል ጉዳይ ነው። ጂንካ ሲመጣ እነግረዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። የሞባይል ማማ ተተከለ፣ ሬዲዮዎቹ ተዘጉ፣ አንቴናችንንም አወረዱት። በመጨረሻ ለጡረታው ወረቀት ሊያስጨርስ ጂንካ ሲመጣ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሻይ ቤት ገብተን ሁሉን ነገርኩት።

ሻዩን አማሰለ።

«ብትነግሪኝ ጥዬ እሄድ ነበር» አለ። «በእግሬም ቢሆን።»

«ደሴቱ ላይ የነበሩት ሰዎችስ?»

«እንጃ። እሱን እስከ ዛሬ አላውቅም።» ሻዩን አስቀመጠ። «መጀመሪያ ተቆጥቼብሽ ነበር። ቁጣው ካለፈ በኋላ ደግሞ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።»

«እኔንም» አልኩት።

ቁጥሩን ስልኬ ላይ መዘገበልኝና ወደ ገጠሩ ወጣ። አሁን ለገናና ለፋሲካ እንደዋወላለን። ስለ ልጆቹ ይነግረኛል፣ ከሚስቱም ጋር ያገናኘኛል፣ ጮክ ብለው ይመርቁኛል። ሌላ ጊዜ ስልክ የሚደውልልኝ ሰው ብዙ አይደለም።