ሁለተኛው ኩባያ

ወይዘሮ ኢርመሊን መጀመሪያ ቀን አላመንኳትም፤ ምን አለፋችሁ፣ በሁለተኛውም አላመንኳትም። በፊንላንዷ ከተማችን በካያኒ የማያውቃት የለም። አሥራ አራት ዓመት አዋላጅ ነበረች፤ የእህቴን ልጆች የተቀበለችው እሷ ናት። በአርባ ዓመቷ ተመልሳ ተማሪ ሆነችና የሥነ ልቦና ሐኪም ሆና ወጣች። "ያኔም ዛሬም ሥራዬ አንድ ነው፤ ሰው ሲያምጥ አጠገቡ እቀመጣለሁ እንጂ አላምጥለትም" ትላለች። አይ አፍ!

እሷ ዘንድ የጎተተችኝ ሚስቴ ቴለርቮ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረን፣ ባለፈው ክረምት ሐሙስ ሐሙስ "ዋና ልሄድ ነው" ማለት ጀመረች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ በመኪና ተከተልኳት። መዋኛው ደጅ መኪናዋን አቁማ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትወርድ ቁጭ! ሰው እየጠበቀች መሆኑ ነው። ቤት ስትመለስ ፎጣዋ ደረቅ ነው፤ ከቦርሳዋ የሚወጣው ደግሞ ፔርሙዝና ሁለት ኩባያ። አንድ ሰው በሁለት ኩባያ ይጠጣል እንዴ? ግን አልጠየቅኳትም። እኛ አገር ዝም ያለን ሰው መነካካት ነውር ነው።

ኢርመሊ ብቻውን የመጣን ሰው ምስጢር ይዛ ትቀመጣለች። ባልና ሚስት ሲሆኑ ግን ሕጓ ሌላ ነው። ሁለቱንም አንድ አንድ ጊዜ ለየብቻቸው ታነጋግራለች፤ ትዳሩን የሚነካ ምስጢር ከሰማች ለባለ ምስጢሩ ሁለት ሳምንት ትሰጣለች። ራሱ ካልተናገረ ሕክምናው እዚያው ያበቃል።

ተራዬ ሲደርስ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ክትትሉን፣ ፎጣውን፣ ኩባያውን። እርሳሷን አስቀመጠችና "ሁለት ሳምንት" አለች። ለቴለርቮ መሰለኝ። ሴቶቹ ተመካክረዋል፣ ልትተወኝ ነው፣ የሚቀረው መርዶው ብቻ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ቀኑ ደረሰ፤ ረቡዕ ነበር። ኢርመሊ "ጊዜው አልቋል" ስትል ወደ ሚስቴ ዞርኩ፦

"በይ እንግዲህ ተናገሪ!"

"አቶ ታውኖ፣ እርስዎን ነው" አለች ኢርመሊ።

አንገቴን ደፍቼ "ክረምቱን ሙሉ ስከተልሽ ነበር" አልኩ።

"አውቃለሁ" አለች ቴለርቮ። "መጀመሪያ እውነትም እዋኝ ነበር። መኪናህን በመስታወት ካየሁ ወዲህ ግን መጥቶ መስኮቱን ያንኳኳል ብዬ ቁጭ አልኩ። አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛው ኩባያ የማን መሰለህ?"

"ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?"

"አንተስ?"

ወይ አለመታደል! በዚያ ብርድ፣ በሁለት መኪና፣ ሃያ እርምጃ ተራርቀን ክረምቱ አለቀ። ኢርመሊን አየኋት፤ እንዳለችው አጠገባችን ተቀምጣለች።

በማግስቱ ሐሙስ በእግሬ ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ። ጭኗ ላይ ያለው አንድ ኩባያ ነው። አሁንስ አለቀልኝ አልኩ።

"መጠበቅ ሰለቸኝና ያንተን ኩባያ ቤት ትቼው መጣሁ" አለች። ግማሹን ጠጣችና የቀረውን አቀበለችኝ።