አንኳኩቶ መሄድ

ጋሽ ፍሬን ያልናቸው እኛ የሰፈሩ ሰዎች ነን። የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ፌርማታ ሆነም አልሆነም፣ ከሩቅ እጁን ላወጣ ሁሉ ፍሬን ይይዙ ስለነበር ሥራ የረፈደበት ተሳፋሪ ሲረግማቸው ኖሯል። ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ ቆሻሻ ይደፋበት የነበረውን ባዶ ቦታ ስንቆፍር መጥተው አካፋዬን ከእጄ ነጠቁኝ። «አንቺ፣ መሬቱን እያከክሽው ነው ወይስ እየቆፈርሽው?» አሉኝ። አካፋዬንም በዚያው ወረሱት።

በመንገዱ በኩል አበባ ተከልን፤ ሰፈሩ ፊቱን ታጠበ። ከውስጥ ግን ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ነው። የደረሰው ሁሉ ለችግረኞች ምግብ ወደሚታደልበት ክፍል ይሄዳል። መምጣት ለማይችሉት ቤታቸው ድረስ እንወስዳለን። ደንባችን ፌስታሉን በበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንኳኩቶ መሄድ ነው። በሩ እስኪከፈት አይጠበቅም። ተቀባዩ የሰው ፊት አይቶ እንዳይሳቀቅ ብለን ነው፤ በደንባችንም እንኮራ ነበር።

ከምናደርስላቸው አንዱ የጋሽ ፍሬን ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ ልብስ ሰፊ፣ በሽታ ግማሽ ጎናቸውን ይዞ ከስፌት መኪናቸው ያስነሳቸው። ወንድማማቾቹ እናታቸው ከተቀበሩ ጀምሮ አይነጋገሩም። ጋሽ ፍሬን ሥራ ላይ ሆነው ሳይደርሱ ነበር እናትየው ያረፉት። ታላቅየው በለቀስተኛ ፊት «ለመንገደኛ ሁሉ እየቆምክ ለእናትህ ሳትደርስ ቀረህ!» ብለው ጮኹባቸው። ያቺ ቃል አጥንታቸው ድረስ ገባች።

ጋሽ ፍሬን የወንድማቸውን መቸገር ሲሰሙ ግን «እዚያ ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ» አሉ። ካሮቱን እየመረጡ፣ አፈሩን እያጠቡ ያስቀምጡላቸዋል። አንድ ቀን ጎመን እያረምን ሳለ፣ «አንዴ በሩን ከፍቶ ‹ግባ› ቢለኝ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉኝ። «አርጅተናል። እንደተኳረፍን አንዳችን ብንሞትስ?»

«ታዲያ አንኳኩተው ትንሽ አይቆሙም፣ ጋሼ?»

«ደንቡስ?»

«ደንቡን እኛው አይደለን ያወጣነው!»

«ቆሜ ባይከፍትልኝስ?» አሉና ወደ አረማቸው ተመለሱ።

ተናደድኩባቸው። ለማንም ሲቆሙ የኖሩ ሰውዬ፣ የወንድማቸው በር ላይ መቆም አቃታቸው! አብሬያቸው ስሄድ አይቻለሁ፤ ያንኳኩና እንደ ጎረምሳ እየተጣደፉ ጥጉን ይታጠፋሉ። በሚቀጥለው ስንመጣ ፌስታሉ የለም። «ወስዶታል እኮ!» ይሉኛል፤ ያን ሰሞን ሲስቁ ይሰነብታሉ።

ዝናቡ ባባራበት አንድ ጠዋት ቀይ ሥር ይዘን ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጁ ላይ ወንበር ተደርድሯል፤ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ተቀምጠዋል። የልብስ ሰፊው ልጅ ዓይኗ አብጦ ወጣች።

«አጎቴ፣ አባዬ ትናንት ሌሊት አረፈ፤ ሰው ልልክብዎት ስል መጡ» አለች።

ጋሽ ፍሬን ፌስታሉን እንደያዙ፣ «እንደጠላኝ ሞተ?» አሉ።

«ኧረ ምን ነካዎት! እርስዎ ሲያንኳኩ እኮ ከአልጋው ለመውረድ ይታገል ነበር። ልክፈትላቸው ስለው ‹እንዳትነኪ! ለወንድሜ የምከፍትለት እኔ ነኝ› ይለኛል። ግድግዳ ተደግፎ በሩ ጋ ሲደርስ እርስዎ የሉም።»

«ምነው ታዲያ ብትጠሪኝ፣ ልጄ?»

«ሮጬ ልጥራቸው እለው ነበር። ‹ተይው፣ በሚቀጥለው ፈጠን እላለሁ› ይላል። ጥጉን እስኪታጠፉ በሩ ላይ ቆሞ ጀርባዎን ያያል። ‹ወንድሜ ጎብጧል› ይለኝ ነበር።»

ጋሽ ፍሬን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም ያን ደንብ ያወጣንበትን ቀን ረገምኩ። ልጅቷ «ይግቡ እንጂ፣ አጎቴ» ስትላቸው ግድግዳውን ይዘው ለመነሳት ሞከሩ። በግራና በቀኝ ደግፈን አስገባናቸው።