ለጎረቤቴ በጠላት ስም አለቀሱላቸው

ሥራዬ ላይ፣ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት፣ የአንድ ሽማግሌ ዊልቸር እየገፋሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የዕድራችን ሰብሳቢ ናት።

«እንኳን ደስ ያለሽ! አላሳፈርንሽም፤ አንጀት በሚበላ ለቅሶ ነው የሸኘናቸው!»

ሟቿ የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኮማንቼ ተወላጅ አሮጊት ናቸው። በፈረቃዬ የሚተካኝ ስላጣሁ ዕድሩ በእኔ ምትክ ፎርት ወርዝ ቀብር ሄዶ ነበር።

«ምን ብላችሁ አለቀሳችሁ?»

«ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ደረታችንን እየደቃን ‹የኮማንቼ ዘር! የኮማንቼ እመቤት!› ነዋ። ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። ለቅሶ አያውቁም መሰለኝ።»

እመቤቴ ድረሽ! ዊልቸሩን ፓርክ አድርጌ ግድግዳ ተደገፍኩ። ሽማግሌው «በረራዬስ?» ይላሉ፤ ማን ሰምቷቸው።

ኮማንቼ የሚለውን ስም ለሕዝባቸው ያወጡት በተራራ የሚኖሩ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። «ጠላት» ወይም «ሁልጊዜ ካልተጣላን የሚለኝ» እንደማለት ነው አሉ። ስፔኖች ከእነዚያ ሰምተው ጻፉት፤ በዚያው ቀረ። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ኑሙኑ ብለው ነው፤ «ሰዎች» ማለት ነው።

«መታወቂያዬ ላይ ኮማንቼ ይበል» ይሉኝ ነበር አሮጊቷ፤ «ቢሮ ሄጄ ስጣላ ይጠቅመኛል። ስቀበር ግን ኑሙኑ በሉኝ። እዚያ ከማን ጋር እጣላለሁ?»

«እርስዎ ሰው አያጡም» እላቸዋለሁ።

«አንቺ ራስሽ በጾም እያሳበብሽ ጥብሴን አልቀምስም የምትዪ ጠላቴ አይደለሽ?» ብለው ይንከተከታሉ።

ቋንቋቸውን የሚያወሩት ከእህታቸው ጋር ብቻ ነበር፤ ያውም በስልክ። የሚናገረው ሰው እያለቀ ነው። ከዚያ ሁሉ ቋንቋ አንዲት ቃል ለእኔ አደራ ሰጡኝ፤ እኔም መሐላ ባልወድም «እሺ» አልኩ።

«አደራውን ነግሬሽ አልነበረም?» አልኳት ሰብሳቢዋን።

«እናቴ፣ እንኳን ኑሙኑን የቄሱን ስብከት መች ይዤ አውቃለሁ!»

አሁን ስጸልይ እንኳ ሐሳቤ ይሰረቃል። ሰማይ ደጅ ደርሰው «ጠላት መጣች» ተብሎ ቢፈተሹስ? አሮጊቷ ደግሞ ለመፈተሽ ዝም የሚሉ አይደሉም፤ ጴጥሮስን እግዜር ይሁነው!

ሰብሳቢዋ ስልኩን ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር ጣል አደረገች። አፈሩ ሲመለስ እህታቸው ቀረብ ብለው በቋንቋቸው አጭር ነገር ተናግረዋል። «አልገባንም፤ ሶ ዝም ከምንል ብለን አሜን አልን» አለችኝ።

እዚያ የነበራችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ ደህና አድርጋችሁ አስታውሱልኝ፤ አሜን ባላችሁበት ነገር ውስጥ ኑሙኑ የምትል ቃል ነበረች?