የሲስተር ውብነሽ ክንድ

በቀደም ለኩላሊት ምርመራ ደም ልሰጥ ሆስፒታል ገብቼ፣ ገና ጢሙ ያልበቀለ ተማሪ ክንዴን በጎማ አሰረና ደም ሥር ፍለጋ ጀመረ። ፍለጋው የአዲስ ደላላ ነው፤ እዚህ ነካ፣ እዚያ ነካ፣ አይቆርጥም። ከኋላው የልጁ አስተማሪ ፈቲያ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። መርፌ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጥ የነበረበትን ዘመን የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ክፍል ከእኔ በቀር አልነበረም።

ያኔ እዚሁ ጭሮ፣ ከአስፋልቱ ዳር ብርቱካን እሸጥ ነበር። የተማርኩት ሂርና መናኸሪያ ነው፤ ዲፕሎማ አይሰጥም እንጂ ሰው ማንበብ ያስተምራል። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ውብነሽ የምትባል የነርሶች አስተማሪን ግን ማንበብ አቃተኝ። ስትገዛ ጠንካራ ጠንካራውን፣ ጥሬውን ትመርጣለች።

«እህት፣ ይሄ እኮ አይበላም» አልኳት።

«ለመብላት አይደለም። ተማሪዎቼ መርፌ ይለማመዱበታል።»

«ምን በደላችሁ ብርቱካኑ?»

ሳቀች። ሌላ ብዙ ነገር ተጨመረበት እንጂ የተጋባነው በዚያች ሳቅ ነው።

የነርሶች ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ የመለማመጃ የላስቲክ ክንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመወጋት ብዛት ተቀዶ ውሃ ያፈሳል። ተማሪው ብዙ፣ አስተማሪው ጥቂት። ስለዚህ ውብነሽ የራሷን ክንድ ሰጠች። ማንም በሽተኛ ከመንካቱ በፊት መጀመሪያ እሷን ይወጋል። ሲስቱ ፊቷ ሳይጨማደድ «ድገም»፣ «ድገሚ» ትላለች። ቤት ስትገባ ያበጠውን በሞቀ ጨርቅ የምይዝላት እኔ ነኝ።

«ብርቱካን በነፃ ልስጥሽ፣ ክንድሽን ተይው» እላታለሁ።

«ያንተ ብርቱካን ደም ሥር የለውም» ትለኛለች።

ከሁሉ የባሰችው ከቦኬ የመጣችው ፈቲያ ነበረች። እጇ የአሮጌ ሚኒባስ መስኮት ነው፤ መንቀጥቀጡ አያቆምም። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ «ይቺ ነርስ አይወጣትም፣ ትሰናበት» ሲል ውብነሽ እምቢ አለች። ቤት እያመጣች፣ ምሳ እያበላች ክንዷን ትዘረጋላት ጀመር። አንድ ቀን ፈቲያ መርፌውን ጥላ አለቀሰች።

«ወላሂ በቃኝ ሲስተር፤ እያሳመምኩሽ ነው።»

«እዚህ ብትስቺ እነግርሻለሁ። በሽተኛው ምን ብሎ ይነግርሻል? ድገሚ።»

በክረምቱ ተማሪዎቿን ይዛ ለልምምድ ቦኬ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ትውከትና ተቅማጥ ገብቶ፣ በሽተኛ በየመተላለፊያው ተኝቷል። ስታስታምም እሷንም ያዛት። ግሉኮስ አልቆ ስለነበር ወደ ጭሮ ይዘዋት ተነሱ፤ መንገዱ ግን በዝናብ ቦክቶ መኪናው ጭቃ ላይ ዋለ። ሲያደርሷት ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ሰርጉዶ ነበር።

ግሉኮሱ ተሰቀለ። የሚገባበት ደም ሥር ጠፋ። ሐኪሙ ሞከረ፣ ነርሶቹ ሞከሩ። ውሃው ያለቀበት ሰው ደም ሥሩ ይሟሽሻል፤ የእሷ ደግሞ ከመወጋት ብዛት እንደ ገመድ ደርቋል። በዚያ ክንድ ተምሮ ያለፈ ሁሉ ጠባሳውን ትቶ ነው የሄደው።

ከቦኬ አብራት የመጣችው ፈቲያ ጠባሳዎቹን በጣቷ እየነካች «ይሄ የኔ ነው... ይሄም የኔ ነው» ትላለች። ከዚያ ወጋች። ሳተች። ውብነሽ ዓይኗን ገለጠች። ድምፅ አልነበራትም፤ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት።

«ድገሚ።»

ፈቲያ ወደ እግሯ ወረደች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ደሙ መጣ፣ ግሉኮሱ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ሁላችንም ተነፈስን። ከረጢቱ ሳይጋመስ ውብነሽ ሄደች። የሚነቅለው ሰው እስኪገኝ ግሉኮሱ ይንጠባጠብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብርቱካን ትቼ ወደ ጨርቅ ንግድ ዞርኩ። ጨርቅ ቢወጉትም አያመውም።

ትምህርት ቤቱ አሁን ደህና ደህና የላስቲክ ክንዶች አሉት። ተማሪ በአስተማሪው ክንድ እንዳይለማመድ የከለከለችውም ፈቲያ ናት፤ ደግ አደረገች። እኔ ግን የነርስ ተማሪ ባየሁ ቁጥር፣ ምን ያህል ጎበዝ ነርስ በየከተማው የሚስቴን ክንድ በጣቱ ይዞ እንደሚዞር አስባለሁ፤ ደስ ልሰኝ ወይስ ልክሰስ፣ እስከዛሬ አልቆረጥኩም።

ያ ክንዴን በጎማ ያሰረው ልጅ ሳተ። ላብ አጠመቀው። ፈቲያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ሞልቷል።

«ይቅርታ አባባ፣ ሌላ ሰው ልጥራልዎት» አለ ልጁ።

ሌላኛውን እጅጌዬን ሰበሰብኩና ክንዴን ዘረጋሁለት።

«ድገም» አልኩት።