ጋሼ የተዉልኝ ሞተር

አጎቴን ጋሼ እላቸው ነበር። አገር ቤት ሳሉ ወደ ገጠር መድኃኒት የሚያደርሱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይጠግኑ ነበር። ቶሮንቶ ከመጡ በኋላ ከቶርንክሊፍ ፓርክ በአውቶቡስ ኢስት ዮርክ፣ እኔ ጋራዥ ድረስ ይመጡ ነበር። ጋራዡ ውስጥ፣ ጫካ መሀል ማረፍ የምትችል ትንሽ አውሮፕላን ከኪት፣ ማለትም ተፈታትተው ከሚሸጡ ክፍሎች፣ እየገጣጠምን ነበር።

ያልተስማማነው በሞተሩ ብቻ ነው። እኔ አዲሱንና ቀላሉን ወደድኩ፤ እሳቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ከባዱን። የኔን ባነሳሁ ቁጥር፣ «ጫካ ውስጥ ቢቆም ማን ይጠግነዋል?» ይሉኛል።

ታመው ሆስፒታል ሲተኙ ልጠይቃቸው ሄድኩ። «እሺ ጋሼ፣ የእርስዎን ሞተር ኦርደር ላድርግ» አልኳቸው።

«ተይው፤ ያንቺን እዘዢ።»

«ቢቆምስ ማን ይጠግነዋል?»

እጄን ያዙኝ። «የኔን የምጠግነው እኔ ነበርኩ። አሁን አንቺ የምትችይውን ያዢ፣ የኔ ልጅ።»

እንደማይመለሱ ያኔ ገባኝ። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ያዘዝኩት ቀላሉ ሞተር ባለፈው ሳምንት መጣ። ትናንት ጋራዥ ቁጭ ብዬ መመሪያውን ሳነብ አንድ ያልገባኝ ነገር አጋጠመኝ። ስልኬን አንስቼ ለጋሼ ደወልኩ። መጥራት ከጀመረ በኋላ ነው እንደሌሉ ያስታወስኩት።